የፊት ቅባትና የእስረኞች ጀርባ

በ1971 እ.ኤ.አ. አለን ሆርንብለም የተባለ ወጣት መምህር በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ወደሚገኘው የሆምስበርግ ወህኒ ቤት ገባ። ሥራው እስረኞችን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ነበር። ገና ሲገባ ዓይኑን የሳበው የግንቡ ከፍታ ወይም የብረት በሩ ክብደት አልነበረም። ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ጀርባቸውና ክንዳቸው በፋሻና በፕላስተር ተለጣጥፎ ይዘዋወሩ ነበር። መምህሩ ከባድ የስለት ጠብ የተነሣ መስሎት ዘበኛውን ቢጠይቅ፣ «የዩኒቨርሲቲው የሽቶ ሙከራ ነው» የሚል ቀላል መልስ አገኘ።

በዚያው ዓመት ሬቲን ኤ የተባለው የብጉር ቅባት በሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ በአሜሪካ ተፈቀደ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ታሪክ መሆናቸውን ሕዝብ በሰፊው ያወቀው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ብጉር ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ነው። በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ ብጉርን ለማከም መድከም ከሞኝነት እምብዛም እንደማይሻል ከተናገረ በኋላ፣ ሴቶች ስለ መልካቸው ማሰባቸው አይቀርምና ብሎ መድኃኒቱን ከመጻፍ አልተመለሰም። በእኛም ዘንድ ቢሆን ብጉር የጎረምሳነት ምልክት ተደርጎ በፈገግታ ይታለፋል። መስተዋት ፊት ለሚቆመው ወጣት ግን ፈገግታው አይታየውም። በጉርምስና ሆርሞን የተቀሰቀሱት የቅባት ዕጢዎች ቅባት ያበዛሉ፤ የፀጉሩ ቀዳዳ በሞተ ቆዳ ይደፈናል፤ በተደፈነው ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ቆዳውም ይቆጣል። ለረጅም ዘመን የታወቀው የድኝ ቅባት ላዩን ከማድረቅ ብዙም አያልፍም ነበር። ከቫይታሚን ኤ የተገኘው አሲድ ግን ድፍኑን ይከፍታል። ችግሩ ቆዳን ማቅላቱ፣ መላጡና ማቃጠሉ ነው። በተለይ ቆዳው ስስና ቶሎ የሚቆጣ ሰው ከብጉሩ ይልቅ መድኃኒቱን ሊማረር ይችላል። ስለዚህም ዛሬ ሐኪሞች ጥቂቱን፣ በማታ፣ በደረቀ ፊት ላይ፣ በመጀመሪያም አንድ ቀን እያሳለፉ መቀባትን፣ ከፀሐይም መጠንቀቅን ያዝዛሉ፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጡም። ምን ያህሉ እንደሚያድንና ምን ያህሉ እንደሚጎዳ ለመለየት ግን አስቀድሞ የሚሞከርበት ቆዳ ያስፈልጋል።

ያንን ቆዳ ያገኘው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ዶክተር አልበርት ክሊግማን ነበር። በ1951 ሆምስበርግ የተጠራው በእስረኞቹ እግር ላይ የተዛመተውን ፈንገስ እንዲያክም ነው። በገባ ጊዜ በአንድ ግቢ የተሰበሰቡ፣ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበሉ፣ የትም የማይሄዱ በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች አየ። በ1966 ለአንድ ጋዜጣ በሰጠው ቃል፣ ከፊቱ የታየው ስፍር ቁጥር የሌለው ቆዳ እንደነበረና ስሜቱም ለም መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ገበሬ ያለ እንደነበረ ያለ አንዳች ኀፍረት ገልጿል። የጭሰኛን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ምሳሌ ከሚመስለው በላይ ይናገራል፤ ጭሰኛው ቢያንስ ከምርቱ የምትደርሰው ነገር ነበረችው፤ በዚህ እርሻ ግን ሰውየው ራሱ መሬቱ ነበር።

ክፍያ አልነበረም ማለት አይደለም። በወህኒ ቤቱ በሌላ ሥራ የሚገኘው በቀን ጥቂት ሳንቲም ሲሆን፣ ጀርባውን ለቅባት የሰጠ እስረኛ ዶላሮች ያገኝ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ገና ያልተፈረደባቸው፣ የዋስትና ገንዘብ አጥተው የታሰሩ ድሆች ናቸው፤ አብዛኞቹም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ፈርመዋል፤ የፈረሙበትን ግን ብዙዎቹ አልተረዱትም። በኑረምበርግ የናዚ ሐኪሞችን የዳኙት አሜሪካውያን ዳኞች በ1947 ያለ ሰው ሙሉ ፈቃድ ሙከራ እንዳይደረግበት የደነገጉትን ቃል እዚህ ያስታወሰው አልነበረም።

ከዚህ ግቢ የወጣው እውቀት አንዳንዱ እስከ ዛሬ በየቤቱ ይወራል። ቸኮሌት ብጉር አያስከትልም የተባለው በ1969 በታተመ የክሊግማንና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ከ65ቱ ተመርማሪዎች 35ቱ እስረኞች ነበሩ፤ ገንዘቡንም የረዳው የቸኮሌት አምራቾች ማኅበር ነበር። ለማወዳደሪያ የቀረበው ቸኮሌት የሌለበት ጣፋጭ ራሱ ስኳርና ቅባት የበዛበት በመሆኑ መደምደሚያው ከጊዜ በኋላ ተነቅፏል።

ከሁሉ የከፋው ግን ብጉርን ለማዳን ሳይሆን ለማውጣት የተደረገው ሙከራ ነው። የዳው ኬሚካል ኩባንያ ሠራተኞች ዳዮክሲን በተባለው መርዝ ሳቢያ ክሎርአክኔ የሚባለው ክፉ ብጉር ስለ ወጣባቸው፣ ኩባንያው ምን ያህሉ መርዝ ይህን እንደሚያስከትል ለማወቅ ለክሊግማን ከፈለ። በ1965 እና በ1966 በ70 ያህል እስረኞች ቆዳ ላይ ዳዮክሲን ተቀባ። በአነስተኛው መጠን የተፈለገው ባለመታየቱ፣ ሐኪሙ ኩባንያው ከተስማማበት በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ፣ 7,500 ማይክሮግራም የሚደርስ መርዝ በ10 ሰዎች ላይ ተጠቀመ። በስምንቱ ላይ ብጉር መሰል ነገር ወጣ፤ በሦስቱም ላይ ተቆጥቶ ቆሰለ። ቁስሉ ከአራት እስከ ሰባት ወር ቆየ፤ ቶሎ እንዲድንም የተደረገ ጥረት አልነበረም።

ሙከራው የቆመው በ1974 ነው። ክሊግማን እስረኞችን መጠቀም በዚያን ዘመን የተለመደ አሠራር ነበር፣ በማንም ላይ ዘላቂ ጉዳት መድረሱንም አላውቅም በሚለው ቃሉ ጸንቶ በ2010 አረፈ። የተለመደ መሆኑስ እውነት ነው፤ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። የብጉሩ ቅባት በኋላ ለፊት መጨማደድም ተፈላጊ ሆኖ ለፈልሳፊውና ለዩኒቨርሲቲው ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል።

ጉዳዩን ያወጣው ያ የማንበብና የመጻፍ መምህር ነው። ሆርንብለም ሰነድ ሲያሰባስብና የቀድሞ እስረኞችን ሲያነጋግር ቆይቶ በ1998 መጽሐፉን አሳተመ፤ ርእሱንም ከዚያ የገበሬ ምሳሌ ወሰደ። በ2000 ወደ 300 የሚጠጉ የቀድሞ እስረኞች ክስ አቀረቡ። ፍርድ ቤቱ በይርጋ ዘጋው። በ2021 ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠይቆ፣ በክሊግማን ስም የነበረው ገንዘብ ጥቁር ቆዳን ለሚያጠኑ ሐኪሞች እንዲውል ወሰነ። በ2022 የፊላዴልፊያ ከተማ አስተዳደር ይቅርታውን በይፋ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት የሆምስበርግ ሰዎች ሽማግሎች ሆነው ነበር፤ የከተማው ይቅርታም ካሳ አልነበረበትም።