የግራ ካሕሱ ቁልቁለትና የዋጃ ሜዳ
ፍሬን ሲያዝ የሚንቀጠቀጥ መኪና ታሪክና ምርመራ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ይደርሳል። ከቆቦ ቀጥሎ ዋጃ፣ ከዋጃም ቀጥሎ አላማጣ ይገኛል። ይህ አገር በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የደጋው ገደል የሚያዋስኑት፣ ማሽላ የሚዘራበት፣ ከብትና ግመል የሚሰማራበት የራያ ቆላ ነው። አላማጣ ላይ ነባሩ አውራ ጎዳና ሜዳውን ትቶ የግራ ካሕሱን ተራራ በጥምዝምዝ መውጣት ይጀምራል። አላማጣ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ በተራራው አናት የምትገኘው ኮረም ከ2500 ሜትር ትበልጣለች። እንግዲህ ከኮረም አላማጣ የሚወርድ መኪና በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ 1000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው።

ይህን ቁልቁለት ጨርሶ ከአላማጣ ወደ ደቡብ ያመራ ሾፌር በዋጃ ሜዳ ላይ ፍጥነት ይጨምራል። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ አይቶ ፍሬን በያዘ ጊዜ መሪው በእጁ ውስጥ ቢንቀጠቀጥ፣ ብልሽቱ እዚያው ዋጃ ላይ የተፈጠረ ይመስለዋል። ነገር ግን ብልሽቱ የተሰማበት ስፍራና የተሠራበት ስፍራ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህን ለመረዳት የመንገዱንና የፍሬኑን ታሪክ አጣምሮ መመልከት ያስፈልጋል።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን፣ በራያ በኩል የሚያልፈው መንገድ የሲራራ ነጋዴና የጭነት ከብት መንገድ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ኢጣሊያ አገሪቱን በያዘችባቸው ዓመታት አሥመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ተሠራ። በጣርማ በር ዋሻ ተፈለፈለ፤ በግራ ካሕሱም የተራራው ጎን እየተቆረጠ መንገዱ በጥምዝምዝ ወጣ። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የመንገዶችን ጥገናና ሥራ በኃላፊነት ያዘ።

ወራሪው ሲወጣ መንገዱ ብቻ ሳይሆን የሙያው ቋንቋም ቀረ። የፍሬኑ ታምቡር፣ የጎማው ማሰሪያ ዳዶ፣ ጎማው የሚገባበት ሞዞ፣ ኩሽኔታው፣ ቸርኬው፣ ብረት የሚላግበት ቶርኖ፣ ሁሉም ከኢጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው። ከቃላቱ ጋር ስለ ብልሽት ምክንያት የሚሰጠው ፍቺ አብሮ ተወረሰ። ይህም ነገር ኋላ ላይ ለስሕተት በር ከፍቷል።

እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት የጀመረው ፊያት 682ና መሰሎቹ የጭነት መኪናዎች ለብዙ ዓመታት ይህን መንገድ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ፍሬናቸው የታምቡር ፍሬን ነበር፤ ሸራ የለበሰው ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ እየተገፋ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ይጫናል። ፍሬን ሥራው የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። የሙቀቱን ብዛት ለመገመት ያህል፣ ክብደቱ 10 ቶን የሆነ መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 300 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማለትም አንድ በርሜል ተኩል፣ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ብቻ የሚጭን ሾፌር ታምቡሩን ያግለዋል። ታምቡር ሲግል ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲቃጠል መያዙን ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

ስለዚህ የቀድሞዎቹ ሾፌሮች ሕግ ግልጽ ነበር። ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይወረዳል፤ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ፍሬን ለማገዝ ብቻ ይነካል። ረዳቱም ታኮ ይዞ ይጠባበቃል፤ መኪናው በቆመ ጊዜ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ይሸጉጣል። ይህ ልማድ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዳው ሕዝብ ኮረም ላይ በተሰበሰበ ጊዜ እህል ጭነው ያንን ዳገት የወጡት መኪናዎች ሲመለሱ የወረዱት በዚያው ቁልቁለት ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ መኪና በፍሬን ምክንያት መቆም የአንድ መኪና እህል መቅረት ነበር።

በሌላው ዓለም ደግሞ ፍሬኑ ራሱ እየተለወጠ ነበር። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ ፍሬኑ ዝናን ያገኘው ግን በ1953 የጃጓር መኪና በፈረንሳይ የለማን ውድድር በዲስክ ፍሬን ባሸነፈ ጊዜ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲትሮይን ዲ.ኤስ. በተባለው የቤት መኪናው የፊት ጎማዎች ላይ ዲስክ አደረገ። ዲስክ በአየር ላይ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሲግልም ከሸራው አይርቅም። ቀስ በቀስ ይህ ፍሬን የቤት መኪናውን፣ ፒካፑንና ሚኒባሱን ያዘ፤ በዋጃ መንገድ ላይም መጣ።

ታምቡር አለአግባብ ሲግልና ሲቀዘቅዝ፣ በተለይም እንደጋለ የእጅ ፍሬን ሲሳብበት፣ በእርግጥ ክብነቱን ያጣል። መካኒኩም «ታምቡሩ ተጣሟል፣ ቶርኖ ይግባ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነበር። ዲስክ ሲመጣ ያው ፍርድ ሳይመረመር ተላለፈ፤ በሚንቀጠቀጥ መኪና ሁሉ ላይ «ዲስኩ ተጣሟል» ይባል ጀመር። ይሁን እንጂ በሙቀት ብቻ የተጣመመ ዲስክ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በአብዛኛው የሚገኘው ዙሪያውን እኩል ውፍረት የሌለው ዲስክ ነው። የልዩነቱ መጠን ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ አንድ ወይም ሁለት ያህል ቢሆን እንኳ እጅ ሊሰማው ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ጎማው ዙሪያው 2 ሜትር ቢሆን በየሴኮንዱ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ወፍራሙ ስፍራ በሸራው መካከል ባለፈ ቁጥር ፍሬኑ ጠበቅ፣ ቀጭኑ ባለፈ ቁጥር ላላ ይላል። ይህም መሪውን ያንቀጠቅጠዋል።

ይህ ልዩነት በዋናነት በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የቁልቁለቱ መንገድ ነው። ሾፌሩ በቀላል ማርሽ እየወረደ ፍሬኑን አላማጣ እስኪደርስ ያግለዋል፤ ከዚያም ቆሞ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ ይቆያል። የጋለው ሸራ በጋለው ዲስክ ላይ ተጭኖ ሲቆይ ከራሱ ቅባት አንድ ስፍራ ላይ ያትማል። የታተመው ስፍራ ከሌላው የተለየ ስለሚይዝ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ይግላል፤ ብረቱም እዚያው ላይ እየጠነከረ ሊሄድ ይችላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ዋጃ ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ይህ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ከጋራዡ ይነሣል። ጎማ ሲለወጥ በሞዞውና በዲስኩ መካከል ዝገት ወይም አፈር ከቀረ፣ ወይም ዳዶዎቹ ያለ ተራና ያለ መጠን ከተጠበቁ፣ ዲስኩ ጥቂት ያዘነብላል። መንቀጥቀጡ በዚያው ቀን አይሰማም፤ ያዘነበለው ዲስክ በዞረ ቁጥር ሸራውን እየነካ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ በአንድ ወገን ይበላል።

ስለዚህ ምርመራ የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከጥያቄ ነው። መኪናው ፍሬን ሳይያዝም ይንቀጠቀጣልን? እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት የጎማው ሚዛንና የጎማው እብጠት ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ፣ የሚንቀጠቀጠው ምኑ ነው? መሪው ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፊት ጎማዎች ያመዝናል፤ ወንበሩና ወለሉ ከሆነ ወደ ኋላዎቹ። ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ብቻ በፔዳሉ ላይ የሚሰማ ፈጣን ምት ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ በመኪናዎች ላይ እየተስፋፋ የመጣው የጎማን መቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ ጤናማ ሥራ ሊሆን ስለሚችል እንደ ብልሽት አይቆጠርም። ይህ ከተለየ በኋላ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ኩሽኔታውና የመሪው መገጣጠሚያዎች በእጅ ተይዘው ይወዘወዛሉ። የላላ መገጣጠሚያ ትንሹን ምት ትልቅ ያደርገዋልና። በመጨረሻ ጎማው ይወልቃል፤ ሞዞው ከዝገት ይጸዳል፤ የዲስኩ ማዘንበል በሰዓት መለኪያ፣ ውፍረቱም ዙሪያውን በስምንት ስፍራ በማይክሮ ሜትር ይለካል። ቶርኖ ይግባ ወይስ ይለወጥ የሚለው ፍርድ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ያለ ልክ በቶርኖ የተላገ ዲስክ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዲስክ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ በሚቀጥለው ቁልቁለት ቶሎ ይግላል። ሞዞው ሳይጸዳ የገባ አዲስ ዲስክ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ መንቀጥቀጥ ይመልሳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ዲስክ ነው» ተብሎ ሳይታይ የታለፈው የላላ መገጣጠሚያ ነው። እርሱ የሚጠይቀው ዋጋ በግራ ካሕሱ ጥምዝምዝ ላይ የተሳፋሪ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ታምቡሩ በዲስክ ቢተካም ተራራው ከፍታውን አልቀነሰም፤ የሚወርደው መኪና የሚለቀውም ሙቀት ያው ነው። በከባድ ማርሽ የመውረድ የአባቶች ሕግም ዛሬ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ለመካኒኩ ደግሞ ከዚያ ጋር አንድ ሕግ ይጨመርለታል፤ ዋጃ ላይ መኪናው ለምን ተንቀጠቀጠ ከማለት በፊት ከኮረም እንዴት እንደ ወረደ፣ አላማጣ ላይ እንዴት እንደ ቆመና ጎማው መጨረሻ የታሰረው እንዴት እንደ ነበር ሾፌሩን መጠየቅ ነው።