መሪ የያዘ እጅ፣ ባዶ ኪስ

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲኬድ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ዳገቱ ይጀምራል። በክረምት ዝናብና ጭጋግ ቡና ጭኖ እዚያ የሚመላለስ ሹፌር ሙያውን የቀሰመው በረዳትነት ነው፤ ጎማ እየቀየረ፣ ጭነት እያሰረ፣ የዋናውን ሹፌር የማርሽ አያያዝ እያየ። እንዲህ ያለ ልጅ ለምን የውድድር መኪና አይነዳም?

መኪና ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መኪና አምጥቶ ለአፄ ምኒልክ አሳይቷል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ዓመታትም የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የተባለ የመኪና ውድድር ይካሄድ ነበር፤ አልዘለቀም እንጂ።

ጎረቤታችን ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1953 የጀመረችውን ሳፋሪ ራሊ ይዛ ቆየች። የጋራዥ ባለቤት ልጅ የሆነው ጆጊንደር ሲንግ በ1965 ከወንድሙ ጋር ያሸነፈው ሌሎች ቀድመው በተወዳደሩባት ያገለገለች ቮልቮ ነው። ውድድሩን በ1974 እና በ1976ም አሸነፈ። ይህን ታሪክ አጥብቄ የምወደው፣ ውድድሩ ቅርብ ሲሆንና አሮጌ መኪና ሲፈቀድ የጋራዥ ልጅም እንደሚደርስ ስለሚያሳይ ነው።

ፎርሙላ ዋን ሌላ ዓለም ነው። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሉዊስ ሃሚልተን አባቱ ተጨማሪ ሥራ እየሠሩ ካርት የምትባለውን ትንሽ የውድድር መኪና ባይገዙለት ኖሮ፣ የማክላረን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 በ13 ዓመቱ አያገኘውም ነበር። የቡድኑ ድጋፍ የመጣው ችሎታው ከታየ በኋላ ነው። ሯጭ ያለ መሣሪያ ዳገት ላይ ይታያል፤ ነጂ ግን መኪና ከሌለው ማን ያየዋል?

እኛ ዘንድ በሩ ይበልጥ ጠብቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ታገደ። ለአገር ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ለጀማሪ ተወዳዳሪ ግን እንደ ጆጊንደር ቮልቮ ያለችውን መኪና ነጠቀው።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ገንዘብ ማጣት ባለችሎታን ያስቀራል፤ የሚያስቀረውም ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ነው። የስፖርት ኃላፊዎችና የመኪና ባለሀብቶች ሆይ፣ አገር ውስጥ ባሉ አሮጌ መኪኖች፣ ከሕዝብ መንገድ ውጭ በተከለለ ሜዳ፣ ነቀምቴ ላይ ውድድር ጀምሩ። ረዳቶቹንም ጋብዟቸው።