ጥርስ ያወጣው ስሙኒ

ወር በገባ በ19 የጎፋ ገብርኤል ደጃፍ ይጨናነቃል። ጧፍ ሻጩ፣ ቆሎ ሻጯ፣ ከሳሪስና ከመካኒሳ የመጣው ምእመን በአንድ ጠባብ መንገድ ይጋፋል። ከአጥሩ ሥር በተርታ ከሚቀመጡት መካከል አንድ ዐይነ ስውር አባት አሉ። ሳንቲም መዳፋቸው ላይ ሲያርፍ አይቸኩሉም፤ አውራ ጣታቸው ጠርዙን አንዴ ይዞረውና ሳንቲሙ ወደ ቀኝ ኪሳቸው ይገባል። ማንንም አይጠይቁም። ወረቀት ሲሆን ግን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ቀና ይላሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«አሥር ነው፣ አባቴ።»

ይታጠፍና ግራ ኪስ ይገባል።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የሚታየው ይህ ትዕይንት በየትኛውም ደብር በር ላይ አይጠፋም። ቀኝ ኪስ የራሳቸው እውቀት ነው፤ ግራው የሰው ቃል። አገሪቱ ከግራው ኪስ ጋር የተዋወቀችው ደግሞ ብዙም ሳይርቅ ነው። የመጀመሪያው የወረቀት ገንዘብ በአቢሲኒያ ባንክ የወጣው በ1907 ዓ.ም. ነበርና። ከዚያ በፊት ገንዘብ ማለት የሚመዘን፣ የሚዳሰስ፣ ድንጋይ ላይ ጣል ተደርጎ ድምፁ የሚሰማ ነገር ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው ጫፉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል፤ መሸረፉን ለማወቅ እጅ ይበቃል።

ወደ ኋላ እጅግ ሲኬድ አክሱም አለች። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ሳንቲም ማስቀረጽ ጀመረ፤ ከእሱ በኋላ መዳብ ተከተለ። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ከሳንቲሙ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክቱን አንሥቶ መስቀል አኖረ። በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ እምብርት ትንሽ ወርቅ ተለብጧል፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ይህንን ነው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የሄደ ሰው የአክሱምን ሳንቲሞች በመስታወት ውስጥ ያያቸዋል። ያያቸዋል ነው እንጂ ይዳስሳቸዋል አይባልም። ለጣት ተብሎ የተሠራ ነገር ለዓይን ብቻ መቅረቡ ትንሽ ያስቃል።

የእጅን ብልሃት በደንብ ያሠለጠነችው ግን የውጭ ንግሥት ናት። ማሪያ ቴሬዛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 አረፈች። መልኳን የያዘው ብር ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ መመታቱን አላቆመም። ጠገራ ብር የምንለው ይኸው ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ። የአገሬው ነጋዴ በቀላሉ አይቀበለውም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዙሪያ ዘጠኙ ዶቃዎች ጎልተው መውጣት አለባቸው፤ ተፍቀው ከጠፉ ብሩ ይመለሳል። ጠርዙ ላይ ፍትሕንና ምሕረትን የሚያወሳው የላቲን መፈክሯ ጎላ ብሎ ስለተቀረጸ፣ ዳሩን ሞርዶ ብር የሚሰርቅ ሰው ወዲያው ይጋለጣል። ላቲን የሚያነብ ሰው በገበያው ባይኖርም ፊደሉ መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ አውራ ጣት ሞልቷል። ዐይነ ስውሩም ዓይናማውም በዚህ ገበያ ላይ እኩል ይሟገቱ ነበር ማለት ይቻላል።

ሞሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ እንደ አውሮፓ በ1935 የዚህን ብር ማስመቻ መብትና ቅርጽ ከኦስትሪያ ወሰደ። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም ተከትለው መምታት ያዙ። ሁሉም 1780 የሚል ጻፉበት። ዛሬ ጠገራ የሚሰበስብ ሰው ትልቁ ራስ ምታቱ ይህ ነው፤ ዓመቱን ማንበብ ምንም አይነግረውም፣ የዶቃውንና በጀርባው ያለውን የንስር ላባ ጥቃቅን ልዩነት መቁጠር ይኖርበታል።

ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ ላይ ያስመቱት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ክብደቱን ከጠገራው ጋር ያስተካከሉት ሰው እንዲቀበለው ነበር። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ መሐለቅ የሚባለው ትንሽ ሳንቲም አዲስ አበባ ላይ መመታት ጀመረ። አላድ የብሩ ግማሽ፣ ሩብ አራተኛው፣ ተሙን ስምንተኛው ነው። ከታች የመዳብ ቤሳ ነበረች። ቤሳ ከገበያ ከወጣች ቆይታለች፤ ባዶ ኪስ የሆነ ሰው ግን እስከ ዛሬ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በገበያው ይዘዋወር ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲታወጅ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። 50 ሳንቲም ሽልንግ ተብሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በኖቶቹ ላይ የፈረሙት የመንግሥት ባንክ ገዢ ጆርጅ ብላወርስ የሚባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። ሳንቲሞቹ 1936 የሚል ዓመት ይዘዋል፤ እንደ ጠገራውም ይህንኑ ዓመት እንደያዙ ለብዙ ጊዜ ተመቱ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ተሠራ። ስሙኒ የሚባለው 25 ሳንቲም መዳብ፣ 50 ሳንቲሙ ብር ሲሆን ስፋታቸው ግን ተቀራራቢ ነበር። አጭበርባሪ ይህንን ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። ስሙኒውን የብር ቀለም ያለብሰውና ሽልንግ ብሎ ይገዛበታል። ዋጋው በአንዴ እጥፍ! መንግሥት ክቡን ስሙኒ ከገበያ ሰብስቦ በምትኩ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ ያለ ስሙኒ አወጣ። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ሻካራና ያልተስተካከለ ሲሆን ሌሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ሰብሳቢዎች ሁለቱን ለይተው ያስቀምጣሉ።

ያን ስሙኒ የቀረጸው ሰው ስለ ዐይነ ስውራን አስቦ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ያሰበው ስለ ሌባ ነው። ሆኖም ከጠገራ ወዲህ ለእጅ የተመቸ እንዲህ ያለ ሳንቲም አልወጣም፤ ጥርሱን የነካ ጣት ሌላ ምስክር አይፈልግም። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ባለ ሰባት ማዕዘኑን 50 ፔንስ ሲያወጡ፣ አውሮፓውያን ደግሞ በ20 ሳንቲማቸው ጠርዝ ላይ ሰባት ገባ ገባ ያሉ ጭረቶች ሲያደርጉ የተከተሉት ተመሳሳይ መንገድ ነው። አሜሪካ ግን ኖቶቿ ሁሉ በአንድ መጠን የተቆረጡ ስለሆኑ የዐይነ ስውራን ማኅበር መንግሥትን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ለከሳሾቹ ፈረደ፣ ይግባኙም በ2008 ጸና።

ደርግ ንጉሡን ከሳንቲሙ ሲያነሣ ጥርሱም አብሮ ወለቀ። የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች ሁሉም ክብ ናቸው። በአንደኛው ገጽ የአንበሳ ራስ አለ፤ በሌላው ደግሞ አንድ ሳንቲሙ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ አሥር ሳንቲሙ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ስሙኒው ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት። ለዓይን ያምራሉ። ለእጅ ግን ስሙኒው ከአሥር ሳንቲሙ ጠበብ ብሎ ይገኛል፤ ትንሹ ገንዘብ ሰፊ፣ ትልቁ ጠባብ መሆኑ ነው። የለመደ ጣት ናሱንና ነጩን ብረት በቅዝቃዜውና በድምፁ ይለያል፤ ያልለመደ ሰው ይሳሳታል። ከሁለት ብረት የተሠራው የ1 ብር ሳንቲም፣ 2002 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተጻፈበት፣ በመጠኑም በክብደቱም ከእነሱ ይለያልና ሥራውን አቅልሎታል።

ግን ሳንቲም ራሱ እየተረሳ ነው። ዋጋው ሁሉ ወደ ወረቀት ሄደ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲታወጁ የ200 ብር ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። 2.9 ቢሊዮን ኖት በ3.7 ቢሊዮን ብር ወጪ ታተመ፤ ለመቀየር ሦስት ወር ተሰጠ። ማየት ለተሳነው ሰው ይህ ማለት ጣቱ የለመደውን ወረቀት ጥሎ ሌላ መማር ነው። ብዙዎች የያዙት ዘዴ ጥንታዊ ነው። መቶውን በቁመት፣ ሃምሳውን በወርድ አጥፈው፣ አሥሩን ሳያጥፉ ይይዙታል። ዘዴው የሚሠራው ግን አንድ የታመነ ሰው መጀመሪያ ከነገራቸው ብቻ ነው። ከጎፋ ማዞሪያ ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ረዳቱ መልስ ሲሰጥ ይህን ጊዜ ማን ያገኛል?

ሕጉም ጣትን ብዙ አያምንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 የዐይነ ስውር ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ለጥበቃ ታስቦ ነው። ሳንቲም ሲቆጥር የታመነው አውራ ጣት ውል ላይ ሲያርፍ ምስክር ፍለጋ መሄዱ ግን ሳይገርም አይቀርም። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676 የተቀበለችው የ1 ብሩ ሳንቲም በያዘው በዚያው ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም. ነው።

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ይሠራ ከነበረው የራዲዮ ስልክ ነው። ከግንቦት 2013 ጀምሮ በቴሌብር ገንዘቡም እንደዚያው በአየር ላይ መሄድ ጀምሯል። ስልኩ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ከሆነ ቀሪ ሂሳቡን ለባለቤቱ ጆሮ ይናገራል፤ ማጠፍም መጠየቅም የለም። በደብሩ በር ላይ መዳፋቸውን የዘረጉት አባት እጅ የሚገባው ግን አሁንም ወረቀቱ ነው።

ቸርችል ጎዳና ላይ የመታሰቢያ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች የድሮ ሳንቲሞች በሣጥን ተዘርግተው ይገኛሉ፤ ጠገራ፣ የምኒልክ መሐለቅ፣ የንጉሡ 1936 አንድ ላይ ተደባልቀው። ዓይን ጨፍኖ እጅን ቢያስገቡ በመጀመሪያ ከጣት ጋር የሚያያዘው ባለ ጥርሱ ስሙኒ ነው።