የፓርኪንሰን «ሕግ» በእርግጥ ሕግ ነውን?

አበው ተረትና ምሳሌን ሲያወርሱን ማን እንደ ተናገረው አልነገሩንም፤ ብሂሉ የሁሉም ነው። ፈረንጆቹ ግን አንዳንዱን አባባል በተናጋሪው ስም ጠርተው «ሕግ» የሚል ማዕረግ ይሰጡታል። ማዕረጉ ከተሰጠ ወዲያ እውነትነቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል ታሪክ ተመራማሪ ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1955 እ.ኤ.አ. «ዘ ኢኮኖሚስት» መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሥራ የተመደበለትን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል አለ። ሹም ተፎካካሪውን ሳይሆን የበታቹን ማብዛት ይሻል፤ ሹማምንትም አንዱ ለሌላው ሥራ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ሥራው ቢበዛም ቢያንስም የሠራተኛው ቁጥር ያድጋል ሲል ደመደመ።

ማስረጃውን ያገኘው ከሚያውቀው ቤት ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ባሕር ኃይል 62 ታላላቅ የጦር መርከቦች ነበሩት፤ በ1928 ወደ 20 ወረዱ። መኮንኖችና መርከበኞች ከ146,000 ወደ 100,000 ቀነሱ። የዋናው መሥሪያ ቤት ሹማምንት ግን ከ2,000 ወደ 3,569 ከፍ አሉ። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴርም በ1935 የነበሩት 372 ሠራተኞች በ1954 1,661 ደረሱ።

ቁጥሩ ያስቃል፤ ጸሐፊውም ሆን ብሎ እየፌዘ ነበር። ለመሆኑ ሚኒስቴሩ ያደገው ሥራ ፈትቶ ነውን? በ1940 እና በ1945 የወጡት የቅኝ ግዛት ልማትና ደኅንነት ሕጎች እኮ ሰፊ አዲስ ኃላፊነት ጭነውበታል! እድገቱም ዘላለማዊ አልሆነም፤ ቅኝ ግዛቶቹ ነፃ እየወጡ ሲሄዱ ሚኒስቴሩ በ1966 ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ ስሙ ጠፋ። በ1979 ከ700,000 በላይ የነበረው የብሪታንያ ሲቪል ሰርቪስም በማርጋሬት ታቸር ዘመን ከ600,000 በታች ወርዷል። የፖለቲካ ውሳኔ የሚያጥፈው ነገር የተፈጥሮ ሕግ ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ፓርኪንሰን የሹመኛን ፈተና በትክክል አይቷል፤ ያየው ግን ዝንባሌን እንጂ ሕግን አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። «ሕግ ነው» ያለ ሹም ለመሥሪያ ቤቱ መወፈር ተጠያቂ አይሆንም። «ሕግ ነው» ያለ ለውጥ አራማጅም የሚሠራውንና የማይሠራውን ሳይለይ በጅምላ ይቀንሳል። በሁለቱም መንገድ ዋጋውን የሚከፍለው በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ «ነገ ና» የሚባለው ባለጉዳይ ነው። ስለዚህ ስንት ሠራተኛ አለ ከማለታችን በፊት፣ ለማን ምን ይሠራል ብለን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።