በማዕድን ውስጥ ታስሮ የቀረው ፈሳሽ

የብረታ ብረት ማዕድናትን አሟሙቶ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያከማቸው ትኩስ ፈሳሽ ከየት እንደ መጣ ከሚያመለክቱት ማስረጃዎች አንዱ፣ ክሪስታል ሲያድግ በውስጡ ታስሮ የሚቀረው የዚያው ፈሳሽ ጠብታ ሲሆን፣ መጠኑ እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። የሼፊልዱ ተወላጅ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመው ጥናት፣ በጠብታው ውስጥ የምትታየው አረፋ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ከክሪስታሉ ይበልጥ በመኮማተሩ የተፈጠረች መሆኗን ገልጾ፣ ናሙናው እንደገና ሲሞቅ አረፋዋ የምትጠፋበት ሙቀት ክሪስታሉ ቢያንስ በምን ያህል ሙቀት እንዳደገ እንደሚያሳይ አስረዳ። ተራራን በማይክሮስኮፕ መመርመር እንደ ከንቱ ድካም በሚታይበት ዘመን ይህን ማቅረብ ታላቅ ድፍረት ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ባልደረባ ኤድዊን ሮደር ጠብታዎቹን በማቀዝቀዝ ዘዴውን አሰፋው፤ ጨዋማ ውሃ ከ0 ዲግሪ በታች ስለሚቀልጥ፣ የመጨረሻዋ የበረዶ ቅንጣት የምትጠፋበት ሙቀት የጨዉን መጠን ያስታውቃል። በሚሲሲፒ ሸለቆ የእርሳስና የዚንክ ክምችቶች ውስጥ የተገኙት ጠብታዎች ሲሞቁ በአብዛኛው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አረፋቸው የሚጠፋ፣ ጨዋማነታቸውም 3.5 በመቶ ገደማ ከሆነው የባሕር ውሃ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆነው ተገኙ። ይህም በነዳጅ ጉድጓዶች ከሚገኘው ጥልቅ ጨዋማ ውሃ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ፈሳሹ ከቀለጠ ዐለት ወጣ የሚለው አስተያየት ለእነዚህ ክምችቶች ተቀባይነቱን አጥቷል።

ይሁን እንጂ ጠብታው ክሪስታሉ ካደገ በኋላ በስንጥቅ የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ሳይለይ የሚደረግ ልኬት ዋጋ የለውም።