ሂሳቡ እስኪመለስ

እንግዲህ ቀረብ በሉና አንድ ግዙፍ ሰው ከኳስ ሜዳ ወደ ትምህርት ገበታው የተመለሰበትን መንገድ ላጫውታችሁ። ስሙ ጆን ኧርሼል ይባላል። በፈረንጆቹ 1991 ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ ተወለደ፤ ያደገው ግን በኒው ዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ነው። ቡፋሎን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከኢሪ ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ በረዶውን አምጥቶ ደጅ ላይ ይቆልላል፣ መንገዱም ይዘጋል። በዚያ ከተማ እናቱ ልጇን በእንቆቅልሽና በሂሳብ መጻሕፍት ታጫውተው ነበር።

ከዚያም ልጁ አደገ፣ ክብደቱም ከ135 ኪሎ አለፈ፣ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአሜሪካ ፉትቦል እየተጫወተ በሂሳብ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ያዘ፣ ከዚያም በ2014 ባልቲሞር ሬቨንስ የሚባለው ቡድን ወሰደው። ደመወዙ ቢያድግም ኮሌጅ ሳለ በ9 ሺህ ዶላር የገዛትን ያገለገለች ኒሳን ቨርሳ መንዳቱን ቀጠለ። እኔ ይህችን መኪና እወድለታለሁ፤ የሰውየው ልብ የት እንደነበረ ትናገራለችና።

በሜዳው ላይ ቦታው ኳስ ወርዋሪውን ከሚከልሉት ሰዎች መስመር ነበር። እዚያ የቆመ ሰው ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር ከፊቱ ካለው ጋር ይላተማል፤ ተነስቶ ይቆማል፣ ደግሞ ይላተማል። በነሐሴ 2015 ልምምድ ላይ ሳለ ሄልሜት ከሄልሜት ተጋጨና ራሱን ስቶ ወደቀ። የአንጎል መናወጥ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ለጨዋታ ደረሰ፤ እግሩ ይሮጣል፣ ትከሻው ይገፋል፤ ሂሳቡ ግን ገና አልተመለሰም። ቅርጽን በሐሳብ ሥሎ የማየት ችሎታው ተመልሶ እስኪመጣ ከዚያ የበለጠ ጊዜ እንደወሰደበት ራሱ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ወገኖቼ። ይህ ሕመም ቁስልም ደምም ላይኖረው ይችላል፤ በሲቲ ስካን ቢፈለግም ብዙ ጊዜ አይታይም። የተመታው ተማሪ ግን አንድ አንቀጽ አንብቦ ሲጨርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል፣ የክፍሉ መብራት ዓይኑን ይወጋዋል፣ የኮምፒውተሩ ገጽ ያዞረዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ከዚያም ያየው ሁሉ «ደህና ነህ እኮ!» ይለዋል። የፊተኛው ሳይሽር ሌላ ምት ሲደገምበት ደግሞ ማገገሙ ይረዝማል። ሐኪሞች ዛሬ የሚመክሩት ጨለማ ክፍል ተዘግቶ መክረምን አይደለም፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል አድርጎ መዋልን፣ ከዚያም ጥቂት አንብቦ ምልክቱ ሲብስ ማረፍን፣ በማግስቱ ጥቂት መጨመርን ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። የጨዋታው ወቅት አለፈና በጥር 2016፣ በብርዱ ወራት፣ ወደ ሰሜን ወጣ፤ ከቦስተን ወንዝ ማዶ ካምብሪጅ ደረሰና በኤም አይ ቲ የሂሳብ ዶክትሬቱን ጀመረ። ሆኖም ሜዳውን ገና አልለቀቀም፤ አንዱን ወቅት ለኳስ፣ ሌላውን ለሂሳብ እየሰጠ ቆየ።

ከዚያም ሐምሌ 2017 መጣ። በዚያ ወር የታተመ ጥናት፣ ከሞት በኋላ አንጎላቸው ከተመረመረ ኧርሼል በሚጫወትበት ሊግ የነበሩ 111 ተጫዋቾች መካከል በ110ሩ ላይ ከተደጋጋሚ የራስ ምት ጋር የሚያያዘው ሲቲኢ የተባለው የአንጎል በሽታ መገኘቱን አወጣ። እርግጥ አንጎሉን ለምርምር ከሰጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ አስቀድመው ምልክቱን ያዩ ነበሩ፤ ቁጥሩ የተጫዋቹን ሁሉ ዕጣ አይናገርም። ያም ሆኖ ጥናቱ በወጣ በሁለተኛው ቀን ኧርሼል፣ በ26 ዓመቱ፣ ኳስ ማቆሙን አስታወቀ። ሙሉ ጊዜውን ለትምህርቱ ሊሰጥ እንደፈለገ፣ የመጀመሪያ ልጁም ሊወለድ እንደሆነ ተናገረ። ደግ አደረገ እላለሁ። በ2021 ዶክትሬቱን ያዘ፣ ዛሬም እዚያው ኤም አይ ቲ ሂሳብ ያስተምራል።

እናንተም፣ ልጃችሁ በኳስም ሆነ በመኪና አደጋ ራሱን ደጋግሞ ተመትቶ ወደ ኮሌጅ ሲመለስ «ሰነፈ» አትበሉት። የሐኪሙን ወረቀት ይዞ መምህሮቹን እንዲያነጋግር አግዙት፤ ፈተናው ይተላለፍለት፣ ካልሆነም ሴሚስተሩን በግማሽ ኮርስ ይጀምር። ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ግን ወደ ሜዳ እንዳይገባ ከልክሉት።