ሳላዲን እንዴት ሄደ?

ሰሞኑን ስለ ሉዊስ ፊጎ ዝውውር የተሠራውን የኔትፍሊክስ ዶክመንተሪ ደግሜ አየሁት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው። ፊጎ እ.ኤ.አ. በ2000 ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ የተሻገረው በ60 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሆን በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ፊልሙን ለቀድሞ ተማሪዎቼ የምመክረው ለኳሱ ብዬ አይደለም፤ የምስክር ነገር ስለሚያስተምር ነው። ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ገና ለማድሪድ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ከተጫዋቹ ወኪል ጋር አስቀድሞ ውል አስሮ ነበር። ፊጎ ስለ ውሉ ምን ያህል ያውቅ ነበር? ተጫዋቹ፣ ወኪሉና ፕሬዚዳንቱ ካሜራ ፊት ተቀምጠው የየራሳቸውን ይናገራሉ፤ ቃላቸው ግን አይገጥምም። ከ20 ዓመት በኋላም ክርክሩ አልተዘጋም። ቢሆንም ሁሉም በሕይወት እያሉ ተጠይቀዋል፤ የተናገሩትም ተቀርጿል።

እስቲ ወደ እኛ እንምጣ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም። ሱዳን በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 አሸንፋን ነበር። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ፣ 2 ለ 0። በድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ያን ቀን ያለቀሰውን ሕዝብ ማን ይረሳል?

ሳላዲን በዚያን ጊዜ የቤልጂየሙ ሊርስ ተጫዋች ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ የወጣው ግን ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ ነው። ካይሮ ካለ ክለብ ቤልጂየም እንዴት ተደረሰ? የሁለቱም ክለቦች ባለቤት ግብፃዊው ማጌድ ሳሚ ነበር! ዝውውሩ ከአንድ ሰው ቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪሱ እንደማለት ነው። ይህ ብቻውን የአንድ ሰዓት ፊልም ይወጣዋል። ማን ተደራደረ? ጊዮርጊስ ምን አገኘ? ልጁስ ስንቱ ነገር ተነገረው?

የፍቅሩ ተፈራም ታሪክ አለ። ደቡብ አፍሪካ ለኦርላንዶ ፓይሬትስና ለሱፐርስፖርት ተጫውቶ ሕንድ ደረሰ። ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም ኮልካታ ላይ የሕንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው። በአንድ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ጎል የአንድ ሐበሻ ነው።

እዚህ ኢምፔሪያል ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ስለ ፊጎ ዝውውር ጠይቁት፤ በዝርዝር ይተርክላችኋል። ስለ ሳላዲን ስትጠይቁት ግን «ግብፅ ሄዶ ነበር አይደል?» ይላችኋል። አልፈርድበትም። የሰማው የተነገረውን ነው።

ወዳጆቼ፣ ምስክር አይጠብቅም። በጥር 1954 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫን ባነሳንበት ፍጻሜ ጎል ካገቡት መካከል መንግሥቱ ወርቁ በ2003፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ በ2015 ዓ.ም አርፈዋል። ያልጠየቅናቸውን ሁሉ ይዘውት ሄደዋል። የእነ ሳላዲን ትውልድ ግን አለ፤ ያሠለጠኗቸው፣ የተደራደሩላቸው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኟቸው ሰዎችም ብዙዎቹ አሉ።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ክለብ ውስጥ የሠራ አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ቡና አፍሉና ስልካችሁን ለመቅረጫ አስቀምጡ። አሮጌ ውል፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ ካለ አንሱት፤ ቀኑንም ጻፉበት። ፊልሙን የሚሠራው ሰው አንድ ቀን ይመጣል። ሲመጣ ባዶ እጁን እንዳንመልሰው።